ባለቀይ ጠርዟ ድሪቶ

አምና ፍኖተ ሰላም ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ገብቼ አሪቲ ገዝቼ ወጣሁ። አንዲት ሴትዮ ከጎመን ሻጮቹ ጎን ተቀምጣ በትንንሹ እያሰረች ትሸጣለች። በአጠገቧ ሳልፍ ሽታው ያዘኝና እግሬ ቆመ። ሦስት እስር አነሣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼም ከአፍንጫዬ አላራቅሁትም። ከጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ ጉንፋን የያዘኝ መስሏቸው «በአሪቲ አይለቅሽም ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት ብዪበት» አሉኝ። እሺ አልሁ። ከእናቴ ሣጥን ሥር ስላገኘሁት ቀይ ጨርቅ ለማላውቃቸው ሰው ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?

ጊዜው ስድስተኛ ክፍልን የጨረስሁበት ክረምት ነው። ቤታችን ከጅጋ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደጋው ወጣ ብሎ ነበር። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ አያልፍም። የአጎቴ ልጅ አለምነሽ ፍኖተ ሰላም ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማር ስለነበር፣ ሰባተኛን ከእሷ ጋር ሆኜ እንድማር እናቴ ወሰነች። እናቴ ወሰነች ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ገና አባቴ አሉ።

እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርሰዎ እያልሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ንግግር አያበዙም። አንድ ነገር ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሦስት ጊዜ ጠርገው ዝም የሚሉበትም ቀን አለ። እናቴ የፍኖተ ሰላምን ነገር ስታነሣባቸው ግን ወዲያው መለሱ።

«የምትለብሰው ከሌላት አትሄድም።»

የምትለብሰው ያሉት የመኝታ ልብስ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እሱ አልነበረም። እኔና እናቴ በአንድ ያረጀ ጋቢ እየተጓተትን ነው የምንተኛው። ደህናው ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ ያሠራችው የአባቴ ቡሉኮ። ቀን ለቤተ ክርስቲያንና ለስብሰባ ይደርቡታል፣ ማታ ይተኙበታል። እኔም አስቤ አስቤ የደረስሁበት ነገር፣ አባቴ እንድማር ስላልፈለጉ ቡሉኳቸውን ታቅፈው ሰበብ እየፈለጉ ነው የሚል ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ቡሉኮውን ለእኔ ቢሰጡኝስ?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ ባይኗ ብቻ አፌን አስያዘችኝ።

በማግስቱ ገበያ ነበር፤ ይዛኝ ጅጋ ወረደች። በረንዳ ላይ መኪናቸውን ደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ጋ ሄዳ፣ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበችላቸውና ከእግራቸው ሥር የወዳደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመነች። ሰውየው በቆሎውን እየጋጡ «ምን ሊሆንሽ ነው?» አሏት።

«ድሪቶ ልደርት።»

«ዛሬም ድሪቶ የሚለብስ አለ?»

«የሚማር አለ» አለች እናቴ።

አንድ ጆንያ ሙሉ ይዘን ተመለስን። የተማሪ ሰማያዊ፣ ካኪ፣ የኮት ገበር፣ አበባ ያለበት የሴት ቀሚስ፤ አብዛኛው ከመዳፌ አይበልጥም። ካኪውን ሳይ የፖሊስ ሱሪ መስሎኝ ስለፈራሁ፣ በእግሬ በኩል እንዲሆን ለመንኋት። እናቴ ሳቀችና በእግሬ በኩል አደረገችልኝ።

የድሪቶ አሠራር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እናቴ ከሥር የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ነጭ ከረጢት ቀድዳ ዘረጋች። ከረጢቱ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተሥለውበታል። እኔ አንደኛው እጅ የአባቴ፣ ሌላኛው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሊሆን ይገባል ብዬ ወሰንሁ፤ እየደጋገምሁ ስመለከተው አባቴ ነገ ከነገ ወዲያ የሚስማሙ ይመስለኝ ነበር። ከከረጢቱ በላይ ያለቀለት ጋቢ፣ ከጋቢው በላይ በስሱ የተበተነ ባዘቶ፣ ከሁሉ በላይ እርስ በርሳቸው የተሰፉት ቁርጥራጮች። ያ ሁሉ መደብ ላይ ተወጥሮ አራት ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ተጫነበት።

«ከመሀል ነው የሚጀመር» አለችኝ። «ከዳር ከጀመርሽው ጥጡ ይሸሽና መሀል ላይ ይጎብጣል። ያን ጊዜ ልብስ ሳይሆን ጀርባ ነው የሚሆንልሽ።»

ክሩን እሷው ፈትላ ነው ያዘጋጀችው። እያንዳንዱን ከመርፌው ከማስገባታችን በፊት በጧፍ ቁራጭ ላይ ሳብ እናደርገዋለን፤ ሰሙ ሲይዘው አይላላም፣ አይተሳሰርም። መርፌዋ አራት ድርብ ጨርቅ ስለምትበሳ ጣት ትበላለች፤ ስለዚህ የጠፍር ቁራጭ ጣቴ ላይ አሰረችልኝ። የእሷ ስፌት ጤፍ ነው፤ የእኔ ባቄላ። አንድ ረድፍ ስጨርስ ጎንበስ ብላ ታይና በስሜ ጠርታ «ይታይሽ፣ ይኼ ስፌት ነው ወይስ መንገድ? በዚህስ ፍኖተ ሰላም ድረስ ትደርሽበታለሽ» ትለኛለች። እስቅና እፈታዋለሁ። ሁለተኛው ትንሽ ይጠጋጋል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ፣ እሷ ከዚያ ወገን እኔ ከዚህ ወገን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ከመሀል ወደየራሳችን እየሰፋን እንራራቅ ነበር። እንደዚያ ክረምት ከእናቴ ጋር ያወራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የሐምሌ አረም አለፈ። ፍልሰታ ሊገባ ሲል መሀሉ አለቀ። የቀረው ጠርዙ ነበር።

ጠርዝ የሌለው ድሪቶ ዕድሜ የለውም። ዳር ዳሩ ላይ ጥጡ ይወጣል፣ ክሩ ይተረተራል። ዙሪያውን ሁሉ የሚያቅፍ ረጅም ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ ቅምቅማት የሚባለው እሱ ነው። የእኛ ጨርቅ ደግሞ ሁሉም መዳፍ መዳፍ የሚያክል። እናቴ «ፆሙ ይውጣና አንድ መላ ይገኝለታል» አለችና በነሐሴ አንድ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄድ ጀመር። ጠዋት ትወጣለች፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ትመለሳለች።

እኔ ግን መላው እስኪገኝ መቆየት አልቻልሁም። አለምነሽ ለፍልሰታ አገር ቤት መጥታ ስለነበር ሁሉን ነግራኛለች፤ ቤት አከራያቸው ሦስተኛዋን ልጅ ከዘመን መለወጫ በፊት ካላወቁ ሌላ ሊያስገቡ ነው። «ልብስ አለሽ?» አለችኝ። «አለኝ፣ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው» አልኋት። ስለው ለራሴም ያስቃል። ለጠርዝ ብዬ ልቀር!

አንድ ቀን እናቴ ቅዳሴ፣ አባቴ ማሳ ሄደው ክር ፍለጋ የእናቴን ሣጥን ከፈትሁ። ከልብሶቿ ሁሉ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው አሪቲው ሽው አለ። ደረቅ ቅጠል የተነሰነሰበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ ያልነካው ቀይ ጨርቅ ነበር። በክንዴ ለካሁት። ድሪቶዋን ዞሮ ይተርፋል።

ደስታ አልነበረም መጀመሪያ የተሰማኝ። ንዴት ነው። ለካ እናቴ ለራሷ ቀሚስ ደብቃ ነው «መላ ይገኛል» የምትለኝ! እኔ ጠርዝ አጥቼ ልቀር፣ እሷ ቀይ ለብሳ ልትታይ! ቀጥሎ ደግሞ ንዴቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ መጣልኝ፤ ድሪቶዋን ጨርሼ ባሳያት በደስታዋ ቀሚሱን ትረሳዋለች። መቀስ አልነበረንም። የአባቴን ምላጭ አመጣሁና ጨርቁን በአራት ጣት ስፋት ቀደድሁት።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቀዩን በፊት በኩል አጋድሜ እሰፋለሁ፣ ከዚያ ጠርዙን አሳቅፌ ወደ ኋላ እገለብጠዋለሁ፣ አጥፌ እቀመቅመዋለሁ። ማዕዘኖቹ አስቸገሩኝ። ኋላ ዳቦ በኮባ ሲጠቀለል ጫፉ እንዴት እንደሚታጠፍ ትዝ አለኝና እንደዚያ አጠፍሁት፤ ሰመረልኝ። ስፌቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤፍ ሆነ። እናቴ ልትመጣ ስትል ሁሉንም ከመደቡ ሥር እደብቃለሁ።

በሁለተኛው ቀን ልክ ስትገባ ዘርግቼ ጠበቅኋት።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። «እሰይ ልጄ…» ብላ ጎንበስ ስትል አሪቲው ሸተታት መሰለኝ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ ሣጥኑ ዞረች፣ ወደ ድሪቶዋ ተመለሰች፣ ከዚያ የበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አለች።

«ይታይሽ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ጠርዝ… ለቀሚስ ያስቀመጥሽውን…»

«ምን ቀሚስ! የኪዳነ ምሕረት እኮ ነው! ስለት ነው! አሥራ ስድስት ልናገባው!»

ስለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ እኛ አገር የለም። ስለቱን ያስቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ውኃ ስንቀዳ ስናወራ ነው ያደግነው። የቆረጥሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያውም በፍልሰታ። እስከ አሥራ ስድስት የማልቆይ መሰለኝ። ምራቄን ስውጥ እንኳ ጉሮሮዬን ያመኝ ጀመር።

እናቴ አልመታችኝም። በማግስቱ ድሪቶዋን በጆንያ ጠቅልላ አሸከመችኝና የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ ዘንድ ወሰደችኝ። ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን እናቴ ሁሉንም ተናገረች። እሳቸው ድሪቶዋን ገልጠው አዩ።

«ስለቱ ስለምን ነበር?» አሉ።

«ስለ እሷው ነው አባ» አለች እናቴ፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ሁለት ዓመቷ ላይ ደረቷን ታማ ትንፋሿ ሊቆም ነበር። ልክ እንዲህ ያለ ክረምት ነው። አባቷ በጭቃው ታቅፈዋት ጅጋ ሐኪም ቤት ሲወርዱ፣ በዚህ በር ሲያልፉ ተሳሉ። ‹ይችን ልጅ ከመለስሽልኝ መጋረጃ አለብስሻለሁ› ብለው። ዘንድሮ ነው ገንዘቡ የሞላላቸው። ያንን ብርድ አይረሱትም አባ። ዛሬም እሷ ስትስል ከሰሙ እንቅልፍ የላቸውም። ‹ያለ ልብስ አትሄድም› ብለው ድርቅ ያሉትም ስለዚሁ ደረቷ ነው።»

 አባቴ እንዳልማር ሰበብ የሚፈልጉ ይመስለኝ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። በጭቃ ታቅፈውኝ ሲወርዱ ላየው ሞከርሁ። የእኔ አባት፣ እኒያ ጉሮሮ ጠራጊ፣ እያለቀሱ ይሆን? 

ቄስ አድማሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ስፌቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እመቤታችን የለበሰ ነገር አትገፍፍም። ጨርቁን ፈትተን ብንሰጣት ቁርጥራጭ ነው፤ ለመጋረጃ አይሆናት። እንግዲህ የተሰጠ ነገር መልኩ ቢለወጥም የተሰጠ ነው። ድሪቶዋ እንዳለች ትገባለች። ራስሽ ተሸክመሽ ታስገቢያታለሽ።» ከዚያ ለእናቴ «ለአባቷ ለአያ ፈንታ ንገሪያቸው» አሏት።

«እርሰዎ ቢነግሩልኝስ አባ?»

«እኔ ቀኖና ሰጥቻለሁ፤ ባል ማናገር የአንቺ ነው» ብለው ሳቁ።

እናቴ ለአባቴ ስትነግራቸው እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ።  ድሪቶዋን ከጆንያው አውጥተው ጠርዟን በጣታቸው እየዳበሱ ዙሪያዋን ሁሉ አዳረሱ። የሚቀደድበትን ቦታ የሚፈልጉ መሰለኝ። አንድ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ማን ቀመቀመው?»

«እሷ ናት» አለች እናቴ።

«ጠንካራ ነው» አሉና መልሰው አጣጠፏት።

በዓሉ ደረሰ። ሰዉ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ምንጣፍ፣ ሙክት ይዞ ሲያስገባ እልል ይባላል። እኔ ድሪቶዬን ራሴ ላይ ጭኜ ገባሁ። ቀይ ጠርዟ ባይኖር ከሩቅ አሮጌ ጆንያ ነው የምትመስለው። አንዷ «ምነው፣ ለታቦት ድሪቶ?» ስትል፣ ከጎኗ ያሉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እናቴ ብቻዋን እልል አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ እንጂ አላቋረጠችም።

ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ደንቡ፣ የገባው ስለት ለቤተ ክርስቲያኑ ጥቅም በጨረታ ይሸጣል። አጫራቹ አያ ሞላ ናቸው፤ ምላሳቸው ጨው ነው። ገንዘብ ያለው በገንዘብ፣ የሌለው በእህል ይጫረታል። ጃንጥላው ወጣ፣ ሙክቱ ወጣ፣ ከዚያ ድሪቶዋን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከፍ አደረጓት።

«ይችን ደግሞ እዩልኝ! ከነገሥታት ዘመን ጀምሮ ያለ ጨርቅ ሁሉ ያለባት! ማን ይጀምርልኝ?»

«አንድ ዶሮ!» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ዶሮዋ ከነእንቁላሏ!» አለ ሌላው። ቅጥሩ በሳቅ ተሞላ።

እኔ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገብቼ ልጠፋ ምንም አልቀረኝም። ሳቁ ሲበርድ ግን ከመንገድ ዳር ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ ረጋ ባለ ድምፅ «አንድ ቁና ገብስ» አለች። እሷ አልቀለደችም። የዘረጓትን ድሪቶ ጠጋ ብላ ነካክታለች፤ መውሰዷ ነበር። አለቀ አልሁ በልቤ። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ስፌት፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሁሉም አንድ ቁና ገብስ ሆኖ ሊሄድ ነው። ያኔ ነው ያለቀስሁት።

«አንድ ቁና ገብስ አንድ ጊዜ! አንድ ቁና ገብስ ሁለት…»

ከወንዶቹ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አባቴ ተነሡ። ካፊያው ጀምሮ ነበር። ቡሉኳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ በዝግታ አራት እጥፍ አደረጉት፣ ሄደው አያ ሞላ ፊት ካለው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት።

«በዚህ ስጡኝ» አሉ።

አያ ሞላ እንኳ ቀልዱ ጠፋባቸው። «አያ ፈንታ፣ ምነው… ቡሉኮውኮ ዐሥር ድሪቶ ያወጣል።»

«ስለቱ የእኔ ነው። ልብስ ተስዬ ነበር፤ ልብስ አገባሁ። ድሪቶዋ የልጄ ናት። መስከረም ላይ ፍኖተ ሰላም ትማራለች። ደረቷ ብርድ አይችልም።»

አባቴ በሰው ፊት ያን ያህል ሲናገሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የጠላ ሻጯ ሴትዮ ወደ ኋላ ተመለሰችና «እኔስ ወጣሁ፣ ይስጧቸው» አለች። በአንድ ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ፤ ቅድም የሳቁትም አብረው። ቄስ አድማሱ ከጽዱ ሥር ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ኋላ ስሄድ እንዳየሁት፣ ከእኛ መንደር ይልቅ ቆላ ነው። ብዙውን ጊዜ ድሪቶዋን እግሬ ላይ ነበር የምጥላት። አለምነሽ ስታሾፍብኝ «ጣይው፣ ላብሽ መጣኮ» ትለኝ ነበር። አልጥላትም።

የዚያን ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ካፊያው ዝናብ ሆነ። እናቴ ከፊት፣ አባቴ ከመሀል፣ እኔ ከኋላ ነበርን። አባቴ በሸሚዝ ብቻ ናቸው። ድሪቶዋን በጆንያ ጠቅልለው ከሆዳቸው ጋር አጥብቀው አቅፈዋታል፣ ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ከልለዋታል። ሸሚዛቸው ረጥቦ ጀርባቸው ላይ ሲለጠፍ የትከሻቸው አጥንት አንድ በአንድ ይታየኛል። ሮጬ ደረስሁባቸው።

«አባ፣ ድሪቶዋን ይልበሷት እንጂ።»

«ትርሳለች።»

«እርሰዎስ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እደርቃለሁ» አሉ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጆንያውን ፈታ ጠርዟን ዙሪያውን ዳበሰችው። አንድ ጠብታ አልነካትም።